ሁለት ዙር ናስትሮ

ብስክሌቷ ድምፅ እንኳ የላትም፣ ምነው በነበራት፣ ምነው አንድ ቦታ ሲጢጥ ብትልና እሱን እያዳመጥኩ ሌላውን በረሳሁት፣ ግን ትናንት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ካቴናዋን በናፍታ አጥቤ፣ ጥርሶቿን አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ ኩሽኔታዋን አውጥቼ የጠቆረውን ግሪስ ጠርጌ አዲስ ሞልቼ፣ ሚስቴ አብረኸት በሩ ላይ ቆማ፣ ልጆችህን እንዲህ አጥበሃቸው ታውቃለህ፣ አለችኝ፣ እየሳቀችም አልነበረም፣ እና አሁን ብስክሌቷ ከሥሬ ጸጥ ብላ ትሄዳለች፣ የኋላ ጎማዋ በተለይ፣ የዑቅባይ ጎማ፣ ማለቴ የኔ፣ ተለዋውጠናል እኮ፣ መሪ ሰጥቼው ጎማ ሰጥቶኛል፣ የኔ ነው። የኔ ከሆነ ለምን ደጋግሜ እለዋለሁ።

ዑቅባይ ከፊት ነው። ከሌሎች ሦስት ጋር ካመለጠ ሃያ ኪሎ ሜትር ሆኖታል፣ ሰሌዳ የያዘው ሞተረኛ አሁን ወደኛ ዞሮ ሃምሳ ሰከንድ ብሎ አሳየን፣ ዑቅባይ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ዕድሜ ልኩን ለሌላ ሰው ውሃ ሲያቀብል የኖረ፣ ዛሬ እሱ ከፊት ሆኖ እኛ ከኋላ እንጎተታለን፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ የአንድ ክለብ ሰዎች ነን፣ አሥራ ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ነድተናል፣ ግን እጆቹ የያዙት የኔን አሮጌ መሪ ነው፣ መሪው ላይ ከሚጠቀለለው ነጭ ጥብጣብ፣ ከናስትሮው ሥር የተሰነጠቀውን፣ መሰንጠቁን ከኔ በቀር ማንም የማያውቀውን። ከደቀምሐረ ወዲያ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ማይ ሃባርን አልፎ እስከ ነፋሲት፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ፣ በሰዓት ሰባ የሚወረድ፣ ሙሉ ክብደትህን መሪው ላይ ጥለህ። ለደቀምሐረ ስንት ቀረን፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ ቢበዛ አሥር።

ጭረት ነው ብለህ ነበር፣ ርእሶም፣ እላለሁ ለራሴ። ጭረት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ አዲሱን መሪ የምገጥምበት ቀን፣ ስምንት ወር ጠብቄ ያገኘሁት ጥቁር መሪ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ እግሬ ሲደክም ነው ዕቃ መቀየር የጀመርኩት፣ መጀመሪያ ፔዳል፣ ቀጥሎ ኮርቻ፣ ቀጥሎ መሪ፣ ብስክሌቷ መቶ ግራም ስትቀንስ እኔ ሁለት ኪሎ እጨምራለሁ፣ አብረኸት ታየዋለች፣ ዝም ትላለች፣ እና የአሮጌውን መሪ ናስትሮ ስፈታው ከሥሩ ነጭ ዱቄት ረገፈ፣ የላብ ነው፣ የአምስት ዓመት ላቤ አሉሚኒየሙን ሲበላው ኖሯል፣ በጨርቅ ጠረግኩት፣ እና እዚያ፣ መሪው ከብስክሌቷ አንገት ጋር ከሚታሰርበት አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ፣ አንዲት መስመር። ፀጉር የምታህል። አቦይ ግርማጽዮን፣ የክለባችን አሠልጣኝም መካኒክም ሹፌርም እሳቸው ናቸው፣ አንድ ነገር አስተምረውናል፣ ጥፍርህን አሳልፍበት፣ ጥፍርህ ከተያዘ ስንጥቅ ነው፣ ካልተያዘ ጭረት ነው፣ ሌላ ሊቅነት አይፈልግም፣ ይላሉ። የአውራ ጣቴን ጥፍር አሳለፍኩ፣ ተያዘ። ደግሜ አሳለፍኩ፣ ተያዘ። ከዚያ በትንሿ ጣቴ አሳለፍኩ፣ ስጨነቅ የምነክሳት እሷን ነው፣ ጥፍር አላት አይባልም፣ በሥጋዋ ብቻ ተንሸራታ አለፈች፣ አልተያዘችም፣ እና ማንም በሌለበት በረንዳ ላይ ጮክ ብዬ፣ ጭረት ነው፣ አልኩ።

ይኼን ለማን ይነግሩታል።

ነፋሱ ከግራ ነው። ቡድኑ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ተሰልፏል፣ ሠላሳ ሰው እንሆናለን፣ ፍጹም ከፊቴ ነው፣ የኛው ክለብ ፍጹም፣ ሰፊ ጀርባው ነፋሱን ይከልለኛል፣ ዛሬ ምንም ሥራ የለንም፣ የኛ ሰው ከፊት ስለሆነ ሌሎቹ ሲያሳድዱ ይልፉ፣ እኛ ቁጭ ብለን መሄድ ብቻ፣ እንዲህ ያለ ቀን ስንቴ ተመኝቻለሁ፣ ሳይደክሙ መድረስ፣ እና ደከመኝ፣ ገና ሳልሠራ ደከመኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስነሳም ስተኛም ደክሞኝ ነው፣ አብረኸት ሐኪም ቤት ሂድ አለችኝ፣ ምን ብዬ እሄዳለሁ፣ የት ጋ ነው የሚያምህ ሲሉኝ ምን እላለሁ።

የዑቅባይ ጎማ አሪፍ ጎማ ነበር። ትርፍ ነበረው፣ ከግድግዳ ላይ ሰቅሎት፣ የኔ ደግሞ ኩሽኔታው ተበልቶ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር፣ ዑቅባይም ይኼን አይቷል፣ ያ መሪህን ከቀየርከው ስጠኝ፣ ቅርጹ ለእጄ ይስማማል፣ ጎማውን ውሰድ፣ አለኝ፣ እሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም፣ ይኼንንም ስንት ሌሊት ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ነው የጠየቀኝ፣ እና ለልምምድ ብስክሌትህ ይሆንሃል አልኩት፣ ለልምምድ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት፣ እሷን ቃል እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጠርኳት፣ ሰው ለልምምድ ሲባል ተሰንጥቋል ማለት ነው ብሎ የሚሰማ ይመስል። እሺ፣ ግን ጠቅልለህ ስጠኝ አለ። ከተማው ሁሉ መሪ ለማስጠቀለል እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ውድድር ባለበት ሳምንት ዐርብ ዐርብ ሱቄ በር ላይ ብስክሌት ይደረደራል፣ ተፎካካሪ ክለብ ሳይቀር፣ ሶፋ አልባሽ ነኝ፣ የቡና ቤት ወንበር፣ የመኪና መቀመጫ፣ ሃያ ዓመት ጨርቅ ስወጥር ስፌት ስደብቅ ነው የኖርኩት፣ ናስትሮ ስጠቀልል አንዱ ዙር ካንዱ ዙር እኩል ነው፣ መጨማደድ የለ፣ መዛነፍ የለ፣ ጫፉን በቀይ ክር አስሬ እጨርሰዋለሁ፣ ሰው ከሩቅ አይቶ የርእሶም እጅ ነው ይላል። ደርቤ ጠቅልዬ ደግሞ አላውቅም። ክብደት ነው፣ አያምርም። ያን ቀን ደረብኩ። መስመሯ ላይ ስደርስ እጄ ተመልሶ ሁለተኛ ዙር ጠቀለለባት፣ አጠበቀ፣ አለፈ።

እና በነጋታው፣ ይኼን ማሰብ አልፈልግም፣ ግን ይመጣል፣ በነጋታው ከልምምድ በኋላ እዚያች ሁልጊዜ የምንሰበሰብባት ቡና ቤት፣ አሥር ሰው፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ ዑቅባይ ማኪያቶውን እንደያዘ ብድግ አለ፣ ይኼን ሰው አያችሁት፣ አለ፣ ወደኔ እያመለከተ፣ የራሱን የእጅ አንጓ እያሳየ፣ እንግዲህ አንጓውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ካቻምና አርባሮባ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ሰብሮታል፣ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመ፣ አቀበት ላይ ያመዋል፣ ግን ይኼ ሰው፣ አለ፣ ሳልለምነው፣ አቀበት ላይ እጄን የማሳርፍባትን ቦታ ብቻ ለይቶ ደርቦልኛል፣ ትራስ ሠርቶልኛል፣ ወንድም እንኳ ይኼን አያስብም፣ አለ። ሁሉም፣ አይ ርእሶም፣ አሉ። አንዱ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። እኔም፣ ምንም አይደለም፣ አልኩ። ምንም አይደለም ነው ያልኩት፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ያኔ ብናገር ኖሮ ያልቅ ነበር፣ ይሰድበኝ ነበር፣ ጎማውን መልስ ይለኝ ነበር፣ በሳምንቱ አብረን እንነዳ ነበር። ከምስጋናው በኋላ ግን አፌ ተያዘ። ሰው ትራስ ሠርቶልኛል ካለህ በኋላ፣ የለም፣ መቃብርህን ነው የሸፈንኩት፣ ብለህ እንዴት ትጀምራለህ።

ለልምምድ ነው እያልኩ ሦስት ሳምንት አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት በከተማችን ካቴድራል ፊት ለፊት ስንሰለፍ ዑቅባይ የውድድር ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፣ ነጭ መሪ፣ ቀይ ክር። ለልምምድ ያልኩህ አይደለም እንዴ፣ አልኩት፣ ሳቀ፣ እንዲህ ያማረ ነገር ለልምምድ ይሆናል እንዴ፣ በዓል ለብሳ ትውጣ አልኩ፣ አለኝ፣ ከኪሱ ሙዝ አውጥቶ ገምሶ ግማሹን ሰጠኝ፣ በላሁት፣ ሙዙን አፌ ውስጥ ይዤ፣ ዑቅባይ ስማኝማ፣ አልኩ፣ ምን አለኝ፣ ዳኛው ፊሽካውን አነሳ፣ አቦይ ከመኪናቸው መስኮት ብቅ ብለው፣ ዛሬ ማንም ከማንም እንዳይጣላ፣ አሉ፣ ፊሽካው ተነፋ። ምን ነበር የምትለኝ፣ አለኝ ፔዳሉን እየረገጠ። ውሃ ጠጣ፣ አልኩት።

ውሃ ጠጣ።

ስምንት ኪሎ ሜትር።

አንድ ጊዜ አይቻለሁ መሪ ሲሰበር፣ ድሮ ነው፣ ከከረን ስንመለስ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ከፊቴ፣ ድምፁ ትልቅ አይደለም፣ ትክ ብቻ ነው የሚለው፣ ሰውየው የመሪውን ግማሽ በእጁ ይዞ ተመለከተው፣ ይኼ ከየት መጣ የሚል ይመስላል፣ ያቺን ታህል ጊዜ ነበረችው፣ ከዚያ ፊቱ አስፋልቱ ላይ። በኋላ ሲነግሩን ማኘክ እንደገና አስተምረውታል አሉ። ዑቅባይ እናት አለው፣ እሱን ብቻ ነው ያላት፣ ሚስትም ገና አላገባም፣ መጀመሪያ አንድ ውድድር ላሸንፍ እያለ።

እወጣለሁ። መውጣት አለብኝ፣ ሄጄ ልነግረው፣ ሌላ ምን አለ፣ ወደ ኋላ ቀርቼ ለአቦይ ልንገራቸው፣ የክለብ መኪና ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ ካልበለጠ መሃል እንዲገባ አይፈቀድም፣ መኪናቸው አትደርስለትም፣ ይኼ እውነት ነው፣ ሌላው እውነት ደግሞ ፊታቸውን ማየት አልፈልግም፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ስለዚህ እኔ ነኝ። ግን ከፊት ያለው የራሳችን ሰው ነው። የራስህን ሰው አታሳድድም፣ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል፣ እኛ ዘንድ በእናት የተሰዳደቡ ይታረቃሉ፣ ይኼ ግን አይረሳም፣ በአባቴ ጊዜ የራሱን ክለብ ሰው አሳዶ ያስያዘ አንድ ሰው ነበር፣ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቹ እስከዛሬ የዚያ ሰውዬ ልጆች ነው የሚባሉት። ልጆቼ። ይሁና።

ማርሽ ጣልኩ፣ ጥርሷ ቀጥ ብላ ገባች፣ የትናንቱ ናፍታ ሠርቷል፣ ከፍጹም ጀርባ ወጥቼ ነፋሱ ውስጥ ገባሁ፣ ነፋሱ ደረቴን ይዞ አቆመኝ፣ ተነስቼ ረገጥኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከፊተኛው ሰው አለፍኩ፣ ከኋላዬ የፍጹም ድምፅ፣ ርእሶም፣ ርእሶም ወዴት ነው፣ አንተ አብደሃል እንዴ፣ ከፊት ያለው እኮ ዑቅባይ ነው፣ አንተ ሰውዬ ዑቅባይ ነው የምልህ፣ አውቃለሁ፣ ፍጹም፣ እሱ ባይሆን እወጣ ነበር ወይ፣ ይኼን ግን ለመመለስ ትንፋሽ የለኝም።

ማን ነው ጀርባዬ ላይ ያለው። ጥላ አያለሁ። የጎዳይፍ ክለብ ባለ ቢጫ ማልያ፣ እሱ መቼም አያመልጠውም፣ ኋላ ጎማዬ ላይ ተለጥፎ መጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ፊት አይወጣም፣ ለምን ይወጣል፣ አያ ርእሶም ዛሬ ከክለብህ ጋር ተጣልተሃል እንዴ፣ ይለኛል፣ እየሳቀ፣ ክፉ አይደለም፣ ሥራው ነው፣ አልተጣላሁም፣ ታዲያ እኔን ይዘህ ወዴት ነው፣ ዝም ብለህ ና፣ እሺ ጌታዬ፣ መጣሁ፣ ከፈለግክ እዘፍንልሃለሁ። ዑቅባይን ላድን ብዬ ጠላቱን አዝዬ እየሄድኩለት ነው። ይኼም በኔ ላይ ይጻፍ።

ጭኔ ነደደ። የልብ ምቴን ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ባለፈው ዓመት የመጨረሻዬ ነው ብዬ ለአብረኸት ቃል ገብቼ ነበር፣ ከዚያ አዲሱ መሪ እንደሚመጣ ሰማሁ፣ በአዲስ መሪ አንድ ዓመት ብቻ፣ አልኳት፣ መሪ ነው እንዴ የሚረግጠው፣ አለችኝ። ሁልጊዜ ትክክል ናት፣ እሱም ያደክማል። በለሶቹ በግራ በቀኝ ያልፋሉ፣ አንድ ግመል የያዘ ሰው ቆሞ ያየናል፣ ሞተረኛው ሠላሳ አምስት ብሎ አሳየኝ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ በላሁ፣ በስንት፣ በሦስት ኪሎ ሜትር፣ ትንፋሼ ከላይ ከላይ ሆነ፣ ብቆምስ፣ አሁን እግሬን ባቆም፣ ከመንገዱ ወጥቼ ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ብጋደም፣ መሪው ላይሰበር ይችላል እኮ፣ ዛሬ ላይሰበር ይችላል፣ ሦስት ሳምንት ችሎ የለም፣ ስንት የተሰነጠቀ ዕቃ ነው ዓመት የሚያገለግል፣ እንዲህ ስል ትንሿ ጣቴ መሪው ላይ ቁጭ ብላ አየኋት። የአውራ ጣትህስ፣ ርእሶም። የአውራ ጣትህ ምን አለህ።

ረገጥኩ።

ደቀምሐረ። አስፋልቱ ይሻላል፣ ሰው በሁለቱም ወገን፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሴቶች በነጭ፣ ሽማግሌዎች በባርኔጣ፣ ብቻውን የሚያሳድድ ሰው ሲያዩ ይወዳሉ፣ በርታ፣ በርታ የኔ አንበሳ፣ አንዲት ሴትዮ ከሰፌድ ላይ ፈንዲሻ አፍሳ በተነችብኝ፣ ለጀግና የሚበተነው ፈንዲሻ፣ አንገቴ ላይ በላቡ ተጣበቀ፣ ማልያዬ ውስጥ ገባ፣ እማማ ተዪኝ፣ ምን እንዳደረግኩ ብታውቂ ሰፌዱን ነበር የምትወረውሪብኝ፣ አለቅስ ይሆን፣ አላውቅም፣ ፊቴ ሁሉ ውሃ ነው።

ከከተማው መውጫ ያቺ አጭር ዳገት፣ ከጫፏ ወዲያ ቁልቁለት። አየኋቸው። አራት ጀርባ፣ የመጨረሻው የሱ፣ አቀበት ላይ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፣ ቀኝ እጁን ከመሪው አንገት አጠገብ አሳርፏል፣ እዚያች፣ ድርቡ ላይ። ዑቅባይ፣ አልኩ፣ አልወጣም ድምፄ፣ ዑቅባይ። ባለ ቢጫው አሁን ገባው፣ መጨረሻዬ መሆኑ ገባው፣ አያ አመሰግናለሁ ብሎ ከጎኔ ወጥቶ ሦስቱን ሊቀላቀል ሄደ፣ ይሂድ፣ ዑቅባይ ዞረ፣ አየኝ፣ መጀመሪያ ፊቱ በራ፣ እርዳታ የመጣሁለት መስሎት፣ ከዚያ ፊቴን አየና ጨለመበት፣ እግሩን አቆመ፣ ምን ሆነ፣ እናቴ ናት እንዴ፣ አለኝ።

አይደለም፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ ቁም፣ ቁምልኝ ዑቅባይ። ለምን፣ ሰዎቹ ሄዱ እኮ፣ ምን ሆነሃል፣ ቁልቁለቱ ጋ ነን፣ ለዚህ ነው ቁም የምልህ፣ መሪው። መሪው ምን ሆነ። ተሰንጥቋል። ወደ መሪው አየ፣ ነጭ ነው፣ ያምራል፣ የታለ፣ ምንም የለም፣ ከሥሩ ነው፣ አልኩት፣ አንተ እንዴት አወቅክ። አየሁት። መቼ። ሳልጠቀልለው በፊት።

ሁለታችንም ቆመናል። ከጫፉ ላይ ነፋስ ከገደሉ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ። እሱ እጁን ከድርቡ ላይ ገና አላነሳም፣ በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል፣ ይኼ ወፈር ያለው ጋ ነው፣ አለኝ፣ አዎ፣ ለአንጓዬ ብለህ መስሎኝ፣ አውቃለሁ፣ አልኩ፣ ለእናቴ እኮ ነገርኳት፣ አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አልተቆጣም፣ ምነው በተቆጣ፣ ለእናቴ ነገርኳት፣ መርቃሃለች፣ በየጠዋቱ ስትጸልይ ከኔ ስም ቀጥላ ያንተን ትጠራለች።

ከብስክሌቴ ወርጃለሁ፣ ይዤለት ቆሜያለሁ፣ ውሰዳት፣ ያንድ ክለብ ነን፣ ደንቡ ይፈቅዳል፣ ቶሎ፣ ፔዳሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ውሰድ ዑቅባይ፣ ሃያ ሰከንድ ነው የራቁህ፣ ቁልቁለት ላይ ትደርስባቸዋለህ፣ ቡድኑ ከኋላ እየመጣ ነው። ትንሽ ቆመ። ያን ያህል ጊዜ እንዳልነበረው ሁለታችንም እናውቃለን፣ ግን ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ የራሱን ብስክሌት እጄ ላይ ለቆ የኔን ወሰደ፣ እግሩን አሻገረ፣ ኮርቻህ ዝቅ ያለ ነው፣ አለ፣ ሁለት ጣት ብቻ ነው፣ አልኩ፣ ፍሬኑስ፣ ደህና ነው፣ የፊተኛውን ትናንት አጥብቄዋለሁ፣ ቶሎ ነው የሚይዘው፣ ተጠንቀቅ። ተጠንቀቅ ስለው ዞር ብሎ አየኝ። ጀርባውን ይዤ ገፋሁት፣ ሄደ።

አመሰግናለሁ አላለም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላለም። ኮርቻህ ዝቅ ያለ ነው። በቃ።

መንገዱ ዳር ካለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ፣ ብስክሌቱን ከግንቡ አስደግፌ፣ ቡድኑ በአንድ ጊዜ መጣ፣ ሹውታ፣ የካቴና ድምፅ፣ አንድ ሰው ሳቀ፣ ፍጹም ሲያልፍ ምራቁን ጢቅ አለ፣ ወደኔ ይሁን ወደ መንገዱ አላውቅም፣ ወደኔ ነው። ሲሄዱ ጸጥ አለ። ቀይ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ናስትሮውን ከጫፉ ይዤ መፍታት ጀመርኩ፣ ዙር በዙር፣ እኩል እኩል ነው የሚፈታው፣ ሙጫው ገና አዲስ ነው፣ እየተንጣጣ ይላቀቃል፣ ከወንበር ላይ አሮጌ ጨርቅ ስገፍፍ እንኳ እንዲህ ያማረ ሥራ አበላሽቼ አላውቅም፣ ድርቡ ጋ ስደርስ እጄ ዘገየ፣ ሁለተኛውን ዙር አነሳሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን። መስመሯ የለችም። ፀጉር የምታህለዋ የለችም፣ በሷ ፈንታ የመሪውን ሁለት ሦስተኛ የዞረ ክፍተት፣ ጥቁር፣ አፉ የተከፈተ፣ ጥፍር አይፈልግም፣ በዓይን ይታያል፣ የመሪውን ቀንድ ይዤ ትንሽ ጫን አልኩት፣ ትንሽ፣ የሁለት ጣት ጉልበት፣ ትክ አለ። እጄ ላይ ቀረ።

ይዤው ተቀምጫለሁ።

ከዚህ ግንብ ላይ ከታች መንገዱ ይታያል፣ አራት መታጠፊያ፣ ከዚያ ኮረብታው ይጋርደዋል። ሦስት ማልያ፣ አንድ ቢጫ፣ ከነሱ ኋላ ዑቅባይ፣ በኔ ብስክሌት፣ እግሮቹ ኮርቻው ስላጠረው ወደ ውጭ ተከፍተዋል፣ ያስቃል፣ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር፣ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዘንበል አለ፣ ቀና አለ፣ ሁለተኛው ላይ ዘንበል አለ፣ ሁለት እጁን ቀንዱ ላይ አድርጎ ሙሉ ክብደቱን ጥሎበታል፣ ያዘው፣ አዲሱ መሪ ያዘው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ኮረብታው ዋጠው፣ ትንፋሼን ይዣለሁ፣ ከኮረብታው ወዲያ ማይ ሃባር አጠገብ አንዲት የመንገድ ቁራጭ ትታያለች፣ ባዶ ናት፣ አንድ ማልያ አለፈ፣ ሁለት፣ ቢጫው፣ አንድ ሌላ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ና እንጂ ዑቅባይ፣ ባዶ። ወጣ። እግሮቹ ተከፍተው፣ ወጣ።

አየር አስገባሁ። እንቅልፌ መጣ፣ እዚሁ ግንቡ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ሦስት ሳምንት ያልመጣ እንቅልፍ።

የመኪና በር። አቦይ ናቸው፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው መፍቻቸውን ይዘው እየሮጡ፣ ምን ተሰበረ፣ ምን ተሰበረ ልጄ፣ ፍጹም አደረግክ የሚለኝ ምንድን ነው፣ ዑቅባይ በማን ብስክሌት ነው ያለው፣ እና እጄን አይተው ቆሙ። የተሰበረውን ከእጄ ወሰዱት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ የአሮጌውን ስብራት ጥቁረትና የአሁኑን ብልጭታ ለይተው ያውቃሉ፣ ይኼን ማንም አያስረዳቸውም፣ ከዚያ መሬት ላይ የተጠቀለለውን ነጭ ናስትሮ አዩ፣ ቀይዋን ክር አዩ፣ የርእሶም እጅ። ከታች የሌላ ክለብ መኪና ጥሩምባ ይነፋል።

ጥፍርህን አላሳለፍክበትም፣ አሉኝ።

አሳልፌያለሁ።

በየትኛው ጣትህ።

ትንሿን ጣቴን ዘርግቼ አሳየኋቸው፣ ጥፍሯ እስካሁን አላደገችም።